«የትኛው ዓይን» የጠፋበት ክረምት

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

እኔ ሂንድ፣ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል የተዛወርኩ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እመሰክራለሁ። የጋሽ ዝናውን የስልክ ጥሪ ወደ ፍየል ጩኸት የቀየርኩት እኔ ነኝ። ስልኩን በገዛ እጃቸው ነው የሰጡኝ። «ልጄ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ» አሉ፤ ከፍ አደረግኩት። ፍየሏ ምርቃት ናት።

የጮኸችው ደግሞ በስብሰባው መሃል፣ ጋሽ ዝናው ጠረጴዛ እየደበደቡ ስለ ክብር ሲናገሩ ነው። ሊቀ መንበሩ ሸህ ሙሐዲን በከዘራቸው ወደ ጠረጴዛው ሥር እየጠቆሙ «ፍየሏን አስወጡልን» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሸህዬ ቀልድ አዋቂ ናቸው ተባለ። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁት፤ አልቀለዱም።

ስብሰባው የማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ማለት በሐይቅና በአምባሰል ዓይናቸው በሞራ የተጋረደባቸውን ሰዎች እየመዘገበ፣ ሐኪሞች ከሩቅ ሲመጡ ቀዶ ሕክምና የሚያስደርግ ነው። ዘንድሮ የሚመጡት ጥቅምት 10 ነው። እህቴ ሰሚሃ የሐይቁ ቢሮ መዝጋቢ ናት። ውጫሌ ያለው መዝጋቢ ሙዓዝ የሚባል ረጅም ልጅ ነው። (ረጅም ከመሆኑ በቀር የሚባልለት ነገር የለም።) እኔ ምሳ ላደርስ እሄድና ዝናብ ያዘኝ ብዬ እዚያው እቀራለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ታዛዥ ነው።

የጠቡ ነገር እንዲህ ነው። መዝገቡ በሁለት ኮምፒዩተር ላይ ነው ያለው። ሐይቅ ያለው «ዋናው» ይባላል፤ ውጫሌ ያለው «ቅጂው»። በየቅዳሜው ሙዓዝ የውጫሌውን በፍላሽ ይልካል፣ ሰሚሃ ታዋህደዋለች፤ እዚያ የተመዘገበው ሰው እዚህ፣ የእዚህም እዚያ ይታያል። ሰው መጨመር ሁለቱም ይችላሉ። ዓምድ መጨመር ወይም መቀነስ ግን የሚችለው ዋናው ብቻ ነው። ዓምድ የምለው ስም፣ ዕድሜ፣ ጎጥ፣ «የትኛው ዓይን»፣ «ስኳር አለበት ወይ» እያለ ከላይ እስከ ታች የሚወርደውን ነው።

ጋሽ ዝናው የውጫሌው ቅርንጫፍ ኃላፊ ናቸው። «ውጫሌ የወረዳ ከተማ ናት! የማን ቅጂ ናት? ዜማ በስሙ የወጣለት አምባሰል ዛሬ የሐይቅ ፎቶ ኮፒ ይባል?» አሉ። ሰሚሃ ስድብ እንዳልሆነ፣ የአሠራሩ ስም ብቻ እንደሆነ ብታስረዳ ማን ሰምቷት።

ሸህ ሙሐዲን አባታቸው አባጋር ነበሩ፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን ያስታርቁ ነበር። ልጃቸውም ያልተጣላውን ጭምር ያስታርቃሉ። ጢማቸውን ዳሰሱና ፈረዱ። «በእኛ አገር ታላቅና ታናሽ ተብሎ ወንድም አይለያይም። ሁለቱም ዋና ይሁኑ።»

«ሸህዬ፣ ኮምፒዩተር እርቅ አያውቅም» አለች ሰሚሃ። «ሁለት ዋና ካለ አንዱ የሌላውን ያጠፋል።»

ምክትላቸው መምህር መልከ ጼዴቅ፣ የቅኔው መምህር፣ ጣልቃ ገቡ። «የለም ልጄ፣ ሁለት ዓይን አንድ ነገር ያያል። ምን ጠብ አለው?»

ሰሚሃ እንደታዘዘችው ስትነካካ ኮምፒዩተሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ላፕቶፑን አንሥታ ሸህ ሙሐዲን ፊት አቀረበችው። «ይኸው ሸህዬ፣ ይዩት። ይዘቱ ሊጠፋ ይችላል ነው የሚለው። ያንብቡትና ይዘዙኝ።» አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠጉ። ብዙ ቆዩ። «አነበብኩት። ቀጥዪ» አሉ።

ቀጠለች። ዱዓ ተደረገ፤ አቡነ ዘበሰማያት ተደገመ፤ ቆሮሶ የሚባለው የሐይቁ ዓሣ ተጠብሶ ተበላ። ሽማግሌ ባለበት ነገር አይበላሽም ይላሉ።

ሲወጡ በር ላይ ቆሜ የሸህዬን እጅ ልስም ጎንበስ ብል እንደ ግንድ አልፈውኝ ሄዱ። ሰላምታ እንኳ የለም! ብዙ ዓይነት ኩራት አይቻለሁ፣ የዛሬው ግን ልዩ ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ችኮላ ላይ ነኝ፣ እማ እየጠራችኝ ነው። ጋሽ ዝናው «ዋና» በሆኑ በስድስተኛው ቀን ዓምድ አስጨመሩ። «ማዕረግ»። ሐጂ፣ ቄስ፣ ግራዝማች፣ ወይዘሮ እየተባለ ይሞላል። ዓይኑ የታመመ ሰው መጀመሪያ ግራዝማች መሆን አለመሆኑ ይታወቅ! ሙዓዝ ቀኑን ሙሉ ማዕረግ ሲሞላ ዋለ። ሰሚሃ ስልክ ላይ ሳቀች። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጠፋ።

ፍላሹ መጣ፣ ተዋሃደ፣ ሰሚሃ ከፈተችው። ስማቸው አለ። ዕድሜያቸው አለ። ማዕረጋቸው አምሮበት ተደርድሯል። «የትኛው ዓይን» የሚለው ዓምድ የለም። «ስኳር አለበት ወይ» የሚለውም የለም። ባዶ ቢሆን እኮ ደግ ነበር፤ ዓምዱ ራሱ የለም፣ ተፈጥሮም እንደማያውቅ።

ሰሚሃ አልጮኸችም። ዘግታ እንደገና ከፈተችው። የሰውን ስኳር ሳያውቁ ዓይን አይቀደድም። የትኛው ዓይን እንደሆነ ሳያውቁማ!

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ሰሚሃ ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበሩ አልተነሣችም። መጀመሪያ ዓምዶቹ ተደብቀው እንደሆነ አየች፤ አልተደበቁም። ከዚያ የሚታየው ቅጽ ብቻ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከሥሩ ያለውን ሠንጠረዥ ራሱን ከፈተች፤ እዚያም የሉም። ወደ ውጫሌ ደወለች። ሙዓዝም ከፍቶ አየ፤ የሉም። የባለፈው ሳምንት ፍላሽ ይፈለግ ተባለ። ፍላሹ አንድ ነው፤ በየሳምንቱ በላዩ ላይ ይጻፍበታል። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ፍላሽ ይገዛ ብላ ስትጠይቅ ጋሽ ዝናው ምን አሉ? «አንደኛው ሞልቷል እንዴ?»

ትደውላለች። ይደውላል። ስለ ዓምድ ነው የሚያወሩት ትላለች። ስለ ዓምድ ሲወራ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ጠየቅኳት። «ሂድ አንቺ!» አለችኝ። እንዲያውም ከመበሳጨቷ የተነሣ በወንድ አንቀጽ ነው ያባረረችኝ።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ዛሬ ቦርዱ ተሰበሰበ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ነበርኩ። (ዝናብ ይዞኝ።)

ጋሽ ዝናው፦ «እኛ ዓምድ ጨመርን እንጂ አልቀነስንም። የቀነሰ ሰው አለ። የእኛ ማዕረግ አናዳት፤ የነበረውን ሰርዛ በእኛ ልታላክክ ነው።»

ሰሚሃ፦ «ጋሼ፣ ሁለቱም ዋና ሲሆኑ እንዲህ እንደሚመጣ ያን ዕለት ተናግሬያለሁ።»

«ተናግሬያለሁ! ወጣት ሁሉ ከጠፋ በኋላ ተናግሬያለሁ ነው የሚለው።»

መምህር መልከ ጼዴቅ ሳል ያዛቸው። ሸህ ሙሐዲን ዝም። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግድግዳውን እያዩ፣ ዝም!

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «አሳይታኛለች፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ቢሉ ነገሩ አለቀ። አላሉም። በመጨረሻ የተናገሩት ምን ነበር? «አውጫጭኝ ይቀመጥ።»

ወላሂ እውነቴን ነው። አውጫጭኝ! ድሮ በሬ ሲሰረቅ ወይ ጎተራ ሲቃጠል አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ እስኪያወጣ ድረስ ማንም ከመቀመጫው የማይነሣበት ጉባኤ። እሱ ነው ለኮምፒዩተር ዓምድ የሚቀመጠው። ዓምዱን ማን ሲነዳው አየህ? በየት በኩል አለፈ? ቀንድ ነበረው?

እስከዚያ የሰሚሃ የቢሮ ቁልፍ ተወሰደ። ጥፋተኛ ከተባለች ትባረራለች። የዓይን በሽተኛ መዝገብ ያጠፋች ተብላ ከተባረረች ደግሞ ከደሴ እስከ ወልዲያ የሚቀጥራት የለም። ቤታችን በእሷ እንደሚቆም ሁሉም ያውቃሉ። ቆሮሶውን ሲበሉም ያውቁ ነበር።

ያው ዕለት፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሰሚሃ ጋር ተጣላን። እዚህ ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

«ለምንድን ነው ‹ለሸህ ሙሐዲን አሳይቻለሁ፣ አነበብኩት ብለዋል› የማትያቸው?» አልኳት።

«እሳቸው ይናገሩ እንጂ እኔ አልናገርባቸውም።»

«ለምን?»

«አባባ ሲሞት ከራስጌው ማን ነበር? ማን ነው አርባ ቀን ሙሉ ከቤታችን ያልጠፋው?»

«ታዲያ ለዚያ ብለሽ ልትባረሪ ነው? እሳቸው ዝም ያሉት ወንበራቸውን ፈርተው ነው! ኩራተኛ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሰላም እንኳ አይሉም። ለቁም ሣጥኑ ‹እንዴት አደርክ› ብለው እኔን አልፈውኝ ነው የሚሄዱት!»

ሰሚሃ ወደ እኔ ዞረች። «ሂንድ፣ አንቺ አታይም እንዴ?»

እንዴት አላይም! ከማንም በላይ አያለሁ። ሁሉን እያየሁ አይደል የምጽፈው? የሚናደደው አላየም ይባላል፣ ዝም የሚለው ትዕግሥተኛ ይባላል። ፊቷን አዙራ ተኛች። አልቅሳ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ልክ ነኝ። ልክ መሆኔ ምንም እንዳልጠቀማት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልክ ነኝ።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ይህን ልጻፍ አልጻፍ ብዙ አሰብኩ።

ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ በር ሳልፍ የሸህ ሙሐዲንን ጫማ አየሁት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቡናማ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ሁልጊዜ በሩ ጥግ፣ ከአንድ ቦታ ፈቅ አይልም። ለሰሚሃ ቁልፍ ካሳ ይሁን ብዬ አንሥቼ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ግራ አራቅኩት። ከዚያ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። ይቆጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ እስቃለሁ ብዬ።

ሕዝቡ ወጣ፣ አለቀ። እሳቸው መጨረሻ ወጡ። ጫማው ከነበረበት ቦታ ቆሙና በእግራቸው ፈለጉ። ጎንበስ አሉ፣ በእጃቸው ፈለጉ። መሬቱን እንደ ሊጥ ዳበሱት። ጫማው እኮ እዚያው ነው፤ ከእጃቸው ሁለት ክንድ አይርቅም፤ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አልተቆጡም፣ ሰውም አልጠሩም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ዙሪያውን ሰው መኖር አለመኖሩን ሲያዳምጡ አየኋቸው።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሄጄ ጫማውን እጃቸው ላይ አደረግኩት።

«ማነሽ?» አሉ።

ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

«አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ» አሉ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም። አሁንም ተናድጃለሁ። ይህ ይመዝገብልኝ፣ አሁንም ተናድጃለሁ።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

አውጫጭኙ ለሦስተኛ ጊዜ ተላለፈ። መጀመሪያ ጎርፍ ነበር፣ ከዚያ የጋሽ ዝናው አማች ታመሙ፣ አሁን ደግሞ «ዘመን ሳይለወጥ ነገር አይነሣም» ተባለ። ሐኪሞቹ የሚመጡበት ቀን ግን አይተላለፍም። ዓይናቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ቢሮው በር ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም።

ባጃጅ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፦ «ያቺ የኮምፒዩተሯ ልጅ እኮ ናት የሰውን ዓይን ያጠፋችው።»

«ምን አድርጋ?»

«በጣቷ። አንድ ነገር ነክታ።»

ወርጄ ልሂድ ወይ ልናገር ሳመነታ መውረጃዬ አለፈ። ከገበያው እስከ ቤት በጭቃ መጣሁ። ለሰሚሃ አልነገርኳትም። እማ ጫማዬን አይታ ጮኸችብኝ፤ ለእሷም አልነገርኳትም።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ትምህርት ተጀመረ። የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ኮምፒዩተር የለም፤ ኮምፒዩተር ሥለን ክፍሎቹን እየሰየምን ነው። የእኔ ኮምፒዩተር ጢምና ከዘራ አለው። መምህሩ ወደዚህ እየመጣ ነው

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

ሙዓዝ ቤታችን መጣ!

የግሸን ተሳላሚ መንገዱን ሞልቶት አውቶቡሱ ሁሉ ወደዚያ ነው፤ ወደዚህ የሚመጣ መኪና አጥቶ የመንገዱን ግማሽ በአሸዋ መኪና ላይ ተጭኖ ነው የመጣው። ቅንድቡ ድረስ አሸዋ ሆኗል። አንድ ላፕቶፕ ግን በጋቢ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟል፣ እንደ ሕፃን። እማ ትልቁን ዓሣ ለእሱ አወጣች። እኔ ጭራውን በላሁ።

ይዞት የመጣው ነገር ግን ዓሣውን የሚያስበላ ነው። ሰኔ ላይ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶበት መዝገቡን በወንድሙ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። ከእርቁ በፊት ማለት ነው። ከፈቱት። «የትኛው ዓይን»፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ሁለቱም፣ ቀኝ... ሁሉም አለ! ከሰኔ በኋላ የተመዘገቡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሌሉት፤ እነሱን ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሰሚሃ ወዲያው ልታዋህደው ስትል ቆም አለች። መጀመሪያ ሌላ ቅጂ አድርጋ ለብቻው አስቀመጠች። (ቦርዱ ይህን አይቶ ቢሆን!) ከዚያ የሰኔውን ዋና አድርጋ ሙዓዝ በፍላሽ ካመጣው ከአሁኑ ጋር አዋሃደችው። ሦስታችንም ተደፍተን እያየን፣ እዚያው፣ ዓይናችን ሥር፣ ሁለቱ ዓምዶች ከሰኔውም ጠፉ።

«ያ ረቢ!» አለ ሙዓዝ።

ሰሚሃ ግን ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው። «ማንም አልሰረዘውም! ይኸው፣ አሁን ማን ነካው? ሁለቱም ዋና ነን ይላሉ። ኋላ የተለወጠው የራሱን ዓምዶች ብቻ እውነት ያደርግና የሌላውን ይጥላል። አንተ ማዕረግ ስትጨምር የውጫሌው ኋለኛ ሆነ፤ በዚያው ሳምንት ያልነበረውን ሁሉ ጣለ።»

«የእኛ ውስጥ ግን እነዚያ ዓምዶች ነበሩ እኮ።»

«ዋና ስታደርገው ከባዶ ነው የተሠራው። ጋሽ ዝናው ‹ከሐይቅ የተቀዳ ነገር አልፈልግም፣ አዲስ ይሁን› አላሉህም?»

ሙዓዝ ግንባሩን መታ። ብለውታል። ስም፣ ዕድሜና ጎጡን አስገብቶ የቀረው በቅዳሜው ውህደት ይመጣል ብሎ ኖሯል።

መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው። አንዱ ብቻ ዋና ይሁን፣ የሰኔው ቅጂ በእሱ ላይ ይመለስ፣ ሌላው ከእሱ ይቀዳ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ፦ ከሁለቱ አንደኛው ሽማግሌ «እኔ ቅጂ ልሁን» ይበል። ይህ ደግሞ ከዓይን ቀዶ ሕክምና የከበደ ነው።

ሙዓዝ ያኔውኑ ለጋሽ ዝናው ደወለ። የእሳቸው ጩኸት እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። «ጥፋተኛው ሳይታወቅ ምንም ነገር አይነካም! እሷ ቤት ሆነህ ነው የምትደውለው? አብራችሁ ነው ማለት ነው!»

ሲመሽ ሰሚሃ እስከ መንገዱ ሸኘችው። መንገዱ ቅርብ ነው። ሸኝታው የተመለሰችው ግን ከሩቅ አገር የመጣች ይመስል ነበር።

መስከረም 23፣ ዓርብ

አውጫጭኙ ነገ ነው። ሰሚሃ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። «ነገ ከጠየቁሽ ትናገሪያለሽ?» አልኳት። «የሠራሁትን እናገራለሁ። የሰው ገመና ግን አልገልጥም» አለች።

ገመና የሚለውን ቃል ስትል ወደ እኔ አላየችም። እኔም አልጠየቅኳት።

እሷ ካልተናገረች እኔ እናገራለሁ። ቆሜ፣ በሰው ፊት፣ «አያዩም! ሸህዬ አያ»

ሰረዝኩት። ነገ ይታያል።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ፣ አዳራሽ ውስጥ

የመጨረሻው ወንበር ላይ ነኝ፣ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ። ሰው ሞልቷል። በሩ ተዘጋ። መምህር መልከ ጼዴቅ ሥርዓቱን ተናገሩ። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን፣ ሙስሊሙ በእምነቱ፣ ክርስቲያኑ በእምነቱ ምሎ ያውጣ፤ እስኪወጣ ድረስ ለውኃ እንኳ መውጣት የለም። አንድ ሽማግሌ አሁኑኑ ውኃ ሽንት አሉ። አልተፈቀደም።

ጋሽ ዝናው፦ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ እኔ የጨመርኩት ማዕረግ ብቻ ነው።»

ሙዓዝ ቆመ። እንዴት እንደጠፋ ሁሉንም አስረዳ፤ በሁለት የውኃ ብርጭቆ። ማንም አልገባውም። ቢሆንም ደህና ተናገረ። (ረጅም ከመሆኑ ሌላ አንድ ጨምሬለታለሁ።)

ጋሽ ዝናው፦ «እንዲህ ከሆነ ማሽኑ አያስጠነቅቅም ኖሯል?»

«ያስጠነቅቃል» አለ ሙዓዝ።

«ማስጠንቀቂያውን ያየ ማነው? ደብቃዋለች!»

ሰሚሃ ተነሣች። በቁርአን ማለች።

«አልደበቅኩም። አሳይቻለሁ።»

«ለማን?»

ቁርአኑን አስቀመጠች።

«ለማን ነው ያሳየሽው? የማልሽው ቁርአን ነው!»

«የጠየቃችሁኝ ማሳየቴን ነው። አሳይቻለሁ። ለማን የሚለውን አልናገርም።»

«በቃ! ለማንም አላሳየችም ማለት ነው! አመነች!» ሰው ተንጫጫ። ከኋላዬ «ድሮም» የሚል ሰማሁ። ድሮም ምን? ልነሣ ነው። እናገራለሁ። ሰሚሃ ትጥላኝ። ልነሣ

ሸህዬ ተነሡ። ተራቸው ሳይደርስ።

«ተቀመጪ ልጄ። ያሳየችው ለእኔ ነው።»

ከዘራቸውን ተደገፉ።

«‹አነበብኩት› አልኳት። ዋሸሁ። አላነበብኩትም፤ አይታየኝም። ካለፈው ረመዳን ወዲህ እናንተን የማውቃችሁ በድምፅ ነው። የዓይን ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዕውር ሆነ ከሚባል ልጅቷ አጠፋች ትባል ብዬ ስድስት ሳምንት ዝም አልኩ። አስተግፊሩላህ። የወዳጄን ልጅ አሳልፌ ሰጠሁ።»

መምህር መልከ ጼዴቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሸህ፣ እኔም ልናዘዝ። እኔ አጠገብዎ ነበርኩ፤ ይታየኝም ነበር። ቀይ ነው። ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ቅኔ እየቆጠርኩ ያደግኩ ሰው ‹ይህን አላውቅም› ማለት አፍሬ፣ እርስዎ ካነበቡት ይበቃል አልኩ።»

የሳቀ ሰው አለ። እኔ አይደለሁም። እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ የሚያስቅ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ መሳቅ ግን አልቻልኩም። ተናድጃለሁ። ለምን አሁን? ለምን ያኔ አይደለም? እህቴ ስድስት ሳምንት በየባጃጁ ስትሰደብ! ልጠላቸው ፈልጌ ነበር፤ እንደዚያ ቆመው፣ ፊታቸውን ሰው ወደሌለበት አዙረው ይቅርታ ሲጠይቋት እንዴት ተደርጎ ይጠላል? ሰሚሃ ሄዳ ትከሻቸውን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻቸው። «አፉ ብያለሁ ሸህዬ» አለች።

ጋሽ ዝናው እጅ አይሰጡም። «መልካም፣ ዋናው አንድ ይሁን። ሐይቅ ነው ማለታችሁ ነው እንግዲህ?»

«ውጫሌ ይሁን» አሉ ሸህዬ። «ቅጂው እኛ እንሁን። ቅጂ መሆን ምን ነውር አለው? ሁላችን የአባቶቻችን ቅጂ አይደለንም?»

«ያውም ዓምድ የጎደለን» አሉ መምህር።

ጋሽ ዝናው ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ምን አሉ? ልብ በሉልኝ፤ አሁን «አመነች» ያለው አፍ ነው። «ዋናው ውጫሌ ከሆነ ዋናዋ መዝጋቢም ውጫሌ ትሁን እንጂ። ሰሚሃ ከሰኞ ጀምራ ወደ እኛ ትምጣ።» ተጨበጨበ!

ሰሚሃ መሬት መሬት ታያለች። ሙዓዝም መሬት መሬት ያያል። ምንድን ነው መሬቱ ላይ ያለው?

«እህ ልጄ፣ እሺ ትያለሽ?» አሏት መምህር።

«እሺ» አለች። እሺ! ቤት ሳትጠይቅ! እኔን ሳትጠይቅ!

«እንግዲያው ስሜን የመጀመሪያ አድርገሽ መዝግቢ» አሉ ሸህዬ። «የትኛው ዓይን ቢሉሽ፣ ሁለቱም።»

ለዱዓ እጅ ተዘረጋ። እኔ እጄ ሥራ ላይ ነው። ይመዝገብልኝ፦ እነዚህ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ባስታረቁ ቁጥር ከእኛ ቤት አንድ ነገር ይወስዳሉ። ያኔ ቁልፏን ወሰዱ፣ አሁን ራሷን ወሰዱ። ማታ ከማን ጋር ነው የምጣላው? ውጫሌ እኮ ሩቅ አይደለም ይላሉ። ሩቅ አይደለም! አጠገቤ ተኝታ ፊቷን ስታዞር እንኳ ለእኔ

ሸህዬ ዱዓውን አቋረጡ። ጆሯቸውን ወደዚህ አዘነበሉ።

«የሚጭር ነገር ይሰማኛል።»

«አይጥ ይሆናል» አሉ ጋሽ ዝናው።

«አይጥ እንዲህ አይናደድም። ብዕር ነው። እኔ ማንበብ አልችልም ብያችኋለሁ፤ እዚህ መጥታ የጻፈችውን ጮክ ብላ ታንብብልኝ።»

«ማን ሸህ?»

«ማን ትሆናለች። ሂንድ!»